ባለ አንድ ጆሮው ፈረስ

ሰው በጎረቤቱ ይቀናል። በወንድሙም ይቀናል፤ የሥራ ባልደረባው ሹመት አግኝቶ ሆዱ ቢያር ማንም አይፈርድበትም። በገዛ ልጁ የሚቀና አባት ግን የት ሄዶ ይናገረዋል? “ልጄ በለጠችኝና አንጀቴ አረረ” ብሎ ለማን ያወራል? ባለ ጃንጥላው ለማንም አላወራም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ሆዱንም ፈጀው።

ባለ ጃንጥላው ቅጽል ስሙ ነው። በዋና ከተማዋ አስጎብኚዎች መካከል እንደ እሱ የቆየ የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ዘነበም አልዘነበም፣ ቢጫ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ከፊት ይሄዳል፤ እንግዶቹ እንደ ጫጩት ይከተሉታል። መንገዱ አንድ ነው። ከሰዓቱ ማማ ሥር ይነሳል፣ በአሮጌው ቤተ መንግሥት አጥር በኩል ያልፋል፣ ታላቁ አደባባይ ሲደርስ የድንጋዩ ፈረስ ፊት ያበቃል። እነዚህን ሦስቱን ያላየ ከተማዋን አየሁ ማለት አይችልም። ፖስት ካርዱም ላይ፣ የቁልፍ መያዣውም ላይ፣ የስኒው ጎን ላይ እንኳ ያሉት እነዚሁ ናቸው።

ሁሉን ነገር የሚለካው በእርምጃ ነው። “ሜትር ለመሐንዲስ ነው፤ እንግዳ የሚሄደው በእግሩ ነው” ይላል። ከማማው እስከ ፈረሱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፤ ከቤተ መንግሥቱ በር እስከ አሮጌው የውሃ ጉድጓድ ሠላሳ ስምንት። አንድ እርምጃ ሲያጎድል ያየው ሰው የለም። መስኮቷ ማማው ሥር የሆነው ቲኬት ቆራጯ በዚህ ትጫወትበታለች።

“ጋሼ፣ ከአልጋዎ እስከ ሽንት ቤት ስንት ነው?”

“አሥራ አንድ።”

“ሲቸኩሉስ?”

“ስቸኩል ማን ይቆጥራል!” ይላታል፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይስቃሉ።

እንግዲህ ፈረሱ አንድ ጆሮ የለውም። የቀኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የግራው ቦታ ደግሞ ደልዳላ ድንጋይ ነው። እንግዳ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው እሷ ናት፦ “ጆሮውስ?” ይህን ጊዜ ባለ ጃንጥላው ጃንጥላውን ያጥፋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አደባባዩ እስኪያስተጋባ ድረስ ድምፁን ለቆ ታሪኩን ይጀምራል። ቀራጩ ፈረሱን ሰባት ዓመት ሲቀርጽ ኖረ። አንዲት የግራ ጆሮ ብቻ ቀርታው መሰላሉ ላይ ቆሞ ሳለ መልእክተኛ እየሮጠ መጣ። “ሚስትህ ሴት ልጅ ወለደች!” አለው። ቀራጩ መሮውን እዚያው ጥሎ ወረደና በሩጫ ወደ ቤቱ። ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ፈረሱ አልተመለሰም። ሹማምንቱ ጠርተው “ሥራህን ጨርስ እንጂ!” ቢሉት፣ “ፈረሱ አንድ ጆሮ ይበቃዋል። የእኔ ሁለት ጆሮዎች ግን ለልጄ ያስፈልጋሉ” ብሎ መለሰላቸው። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ ባለ ጃንጥላው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል።

“ይህን ከማን ሰማህ?” ላሉት ሁሉ “ከአንድ አዛውንት ድንጋይ ጠራቢ” ነው መልሱ። ሌሎቹም አስጎብኚዎች ከእሱ ሰምተው ያንኑ ይናገራሉ። ከእሱ በፊት የነበረ አስጎብኚ ደግሞ አንድም የቀረ የለም፤ ማን ይጠይቀዋል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ድንጋይ ጠራቢ የሚባል ሰው አልነበረም። ታሪኩ ከገዛ አፉ የወጣ ነው፤ የወጣውም ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ ሠላሳ እንግዶች ይዞ ፈረሱ ፊት ቆሞ ሳለ ነው። የአደባባዩ ጥበቃ መጣና ጆሮው ላይ “ከሆስፒታል ተደውሏል፤ ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች” አለው። ሁሉን ጥሎ መብረር ፈለገ። ግን ሥራ ከገባ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ እንግዳ ጥሎ የሄደ አስጎብኚ በማግስቱ ባጁን ያስረክብ ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ “ለመሆኑ ጆሮው የት ሄዶ ነው?” ብላ ጠየቀች። አፉ ተከፈተ፣ ታሪኩም ወጣ። እሱ ያልሮጠውን ሩጫ ቀራጩ ሮጠለት። እሱ ግን ቀሪውን ጉብኝት ጨርሶ፣ እንግዶቹን አሰናብቶ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ሲያበቃ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላውን እንደያዘ ሆስፒታል ደረሰ። ሚስቱን “መንገዱ ተዘጋግቶ ነው” አላት። ሚስቱም ዝም ብላ አየችው።

ያቺ ልጅ አደገች። ታሪኩን ማታ ማታ አልጋዋ ላይ እየነገረ አሳደጋት። ትምህርቷን ስትጨርስ “አስጎብኚ መሆን ነው የምፈልገው” አለች። አባት ያን ቀን ደስታውን የሚያስገባበት አጣ፤ ለማያውቀው የታክሲ ሾፌር ሁሉ ሲያወራ ዋለ። ባጇን በገዛ እጁ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። እሰይ፣ እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር።

አንድ ቀን የራሱን ቡድን ቀድሞ ጨርሶ ማማው ጋ ቲኬት ቆራጯን ሲያስቃት ሳለ፣ ልጁ እንግዶቿን ይዛ ወደ ፈረሱ ስትሄድ አየና ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ልጅቱ ጃንጥላ የላትም። ድምፅም አታሰማም። ፈረሱ የቆመበት ድንጋይ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና በዝቅታ ማውራት ጀመረች፤ ሰዎቹ ለመስማት ተጠጉ፣ ተጠጉና ዙሪያዋን ከበቧት። ታሪኩ ያው ነው። ቀራጩ፣ መሰላሉ፣ መልእክተኛው፣ ሩጫው። ከዚያ በኋላ ግን እሱ የማያውቀው ነገር መጣ። “ቀራጩ ቤቱ ሲደርስ እጁን እንኳ አልታጠበም” አለች። “ልጁን ተቀብሎ ግንባሯን ዳሰሳት። የድንጋዩ ብናኝ ግንባሯ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። እናቲቱም ያን ቀን ሙሉ አልጠረገችውም።”

አንድ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰውዬ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ከጎኑ ያለችው ሚስቱማ በግልጽ አለቀሰች።

ባለ ጃንጥላው በቆመበት ደርቆ ቀረ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አጨብጭበውለታል፤ አንድ ሰው እንኳ አልቅሶለት አያውቅም። ምን ያለው ብናኝ ነው? ማን ጨምሪበት አላት? ኧረ ምን ቆርጧት! ደግሞም የማማውን እርምጃ አልተናገረችም፤ ብትናገርም የምትለው ሁለት መቶ አርባ አንድ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ እንደተከራከሩ ነው። ያን ቀን ቅናት ገባበት፤ ከገባም በኋላ አልወጣ አለ።

ማታ እራት ላይ እናት “የዛሬዎቹ እንግዶች ቢሮ ድረስ ሄደው ስሟን እየጠሩ አመስግነዋታል አሉ” ብላ ስትናገር፣ ባለ ጃንጥላው ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ “ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም” ብሎ አጉረመረመ።

“እንግዲያው ይህን እራት የሠራችው እሷ ናት” አለች ሚስቱ፤ “አትብላው።”

በላው። ጣፈጠው። ይህም አናደደው።

ከዚያ ወዲህ የልጁ ስህተት መልቀም ሥራው ሆነ። ማማው የተሠራበትን ዓመት ስታሳስት፣ ለእንግዶች ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ውሃ ስትጠጣ እንኳ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። አንድ ቀን “እግርዎ ይረፍ፣ ዓይንዎ ይሥራ” የምትለውን የእሱን አባባል ስትጠቀም ሰማት፤ ደሙ ፈላ። ሌላ ቀን ደግሞ አባባሉን ተወችው፤ ይሄኛው ባሰበት።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ የአስጎብኚዎች ክፍል ኃላፊዋ ሁሉንም ሰበሰበችና አዲስ ነገር አወጀች። የከተማዋ ጉብኝት በድምፅ ሊቀረጽ ነው። ብቻውን መሄድ የሚፈልግ እንግዳ የጆሮ ማዳመጫ ይሰጠዋል፤ ማማው ጋ ሲደርስ የማማውን፣ ፈረሱ ጋ ሲደርስ የፈረሱን ይሰማል። አንድ አስጎብኚ ተመርጦ ድምፁ ለዘለዓለም እዚያ ይኖራል።

ለዘለዓለም! ባለ ጃንጥላው ይህን ቃል ከሰማ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ዕድሜው ስልሳ ሊሞላ ነው፤ ጉልበቱ ደረጃ ላይ ይንቋቋል። ጃንጥላው አንድ ቀን ይወርዳል። ድምፁ ግን ሊቀር ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ አንድ ሰው ፈረሱ ፊት ቆሞ ይሰማዋል። ሌላ ማን ሊመረጥ? ሳምንቱን ሙሉ ማር በሞቀ ውሃ ጠጣ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ሲለማመድ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

የሙከራው ቀን ሁሉም ትንሿ ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ማይኩ ፊት ቀረቡ። ውጤቱን ኃላፊዋ ለብቻው ጠርታ ነገረችው።

“ጋሼ፣ የእርስዎ ድምፅ ለአደባባይ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት ይገኛል? ግን ማይኩ አልቻለውም፤ ተንጫጫ። ጆሮ ውስጥ ሲሆን ሰው የተጮኸበት ይመስለዋል።”

“ዝቅ አድርጌ እናገራለኋ!”

“ዝቅ አድርገው ነው እኮ የተናገሩት።”

“ታዲያ ማን ተመረጠ?”

ኃላፊዋ ፈገግ አለች። የምሥራች የምትነግረው መስሏት ነው፣ ምን ታድርግ። “ልጅዎ! እንኳን ደስ ያለዎት!”

“ደስ አለኝ” አለ ባለ ጃንጥላው። ጥርሱን ነክሶ ነበር የተናገረው።

ያን ምሽት ልጅቱ ክፍሉ በር ላይ ቆማ “አባዬ፣ ከፈለግክ እተወዋለሁ። የምሬን ነው። ‘እሱ ይሁን’ እላቸዋለሁ” አለችው። እዚህ ላይ አቅፎ ቢስማት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። እሱ ግን ምጽዋት የተወረወረለት ያህል ተሰማው። “ለአንቺ የተሰጠ ነው፤ ያዢው!” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ስም የሌለው ደብዳቤ፤ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅ በግራ እጁ የተጻፈ። የፈረሱን ታሪክ ከአባቶች እንደወረስነው ሳይሆን ከራሷ እየጨመረች የምትናገር አንዲት አስጎብኚ አለች፤ ብናኝ፣ ግንባር፣ እናት የሚል ነገር ከየት እንዳመጣችው ትጠየቅ፤ ታሪክ እየበረዘች ያለች ሰው ድምፅዋ ሊቀረጽ አይገባም፤ ይላል። አያችሁልኝ ጉድ! ታሪኩን ከሥር መሠረቱ የፈጠረ ሰው ሌላውን ሰው “ጨመርሽበት” ብሎ ሲከስ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። አጥፎ አጣጥፎ ሥራ ቦታው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ጨመረው። የሚደርሰው ነገር ቢበዛ ቀረጻው ከእሷ ወጥቶ እንደገና ሙከራ ይደረጋል ብሎ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተጠራ። ሦስት ሰው ነው፦ ኃላፊዋ፣ የከተማዋ መዝገብ ቤት ሰውዬ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአስጎብኚዎች ተወካይ። ተወካዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ባለ ጃንጥላው። ልጁን ሊጠይቅ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀመጠ፤ ልጅቱ ከወዲህ።

“አንቺው ጮክ ብለሽ አንብቢው” ብላ ኃላፊዋ ደብዳቤውን አቀበለቻት።

ልጅቱ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ ቀጥላ በዚያ በዝቅታ ድምፅዋ ቃል በቃል አወረደችው። “...ከሰዓቱ ማማ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ በሚገኘው የድንጋይ ፈረስ...” ብላ ቆመች። ጉንጯ ላይ ያለው ቅላት ጠፋ። ቀስ ብላ አንገቷን አዘነበለችና በጠረጴዛው ሥር የአባቷን ጫማ አየች። በዚህ ከተማ ከማማው እስከ ፈረሱ በእርምጃ የሚለካ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሚወጣው ደግሞ ለአንዱ ብቻ ነው። ባለ ጃንጥላው እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ልጅቱ የቀረውን አንብባ ወረቀቱን አስቀመጠች።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን አወለቀ። “እኔ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ፋይሎቹን ሁሉ ስፈትሽ ነበር። ብናኙ ብቻ አይደለም ችግሩ። ስለ መሮ፣ ስለ መልእክተኛ፣ ስለ መውለድ የሚያወራ አንድ መስመር የለም። ‘ከጋሪ ሲወርድ ገመድ ተበጥሶ የግራ ጆሮው ተሰበረ’ ይላል። በቃ። ታሪኩ በሙሉ ፈጠራ ነው! ይህን ያህል ዓመት ለእንግዳ እንደ እውነት ሲነግር የኖረ ሰው ካለ ባጁን ማስረከብ አለበት። ማን ጀመረው?”

ባለ ጃንጥላው አዛውንቱን ድንጋይ ጠራቢ ለማስነሳት አፉን ሲከፍት ልጁ ቀደመችው።

“እኔ ነኝ” አለች ልጅቱ።

“አንቺ? አንቺ ከገባሽ ሁለት ዓመትሽ ነው” አለች ኃላፊዋ።

“ልጅ ሆኜ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር መሰለኝ። አባዬ ሥራ ሲውል እኔ ፈረሱ ሥር እጫወት ነበር። ያኔ ፈጠርኩትና ነገርኩት፤ እሱም ለእኔ ብሎ ለእንግዶች መናገር ጀመረ። ድንጋይ ጠራቢ ያለውም እኔን ላለማጋለጥ ነው። ጥፋተኛ ካለ እኔ ነኝ።”

አባቷን አላየችውም። የመዝገብ ቤቱ ሰው መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሟሟ። “የሰባት ዓመት ልጅ?” አለ። ኃላፊዋማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “ውይ! እንዲህማ ከሆነ ይበልጥ ያምራል! ቀረጻው ላይ ብንጨምረውስ? ‘ይህን ታሪክ የፈጠረችው አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ናት’ ብንል? በልጅ የሚፈርድ ማን አለ?”

ባለ ጃንጥላው ድኗል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ባጁም ይቀርለታል፣ ጃንጥላውም። ልጁም አልተጎዳች። ግን አድምጡ፦ ድምፁን ወሰደችበት፣ የእንግዶቹን እንባ ወሰደችበት፣ አሁን ደግሞ ታሪኩን ራሱን፣ በሕይወቱ የፈጠራትን አንዲት ነገር፣ ፊት ለፊቱ ልትወስድበት ነው! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

“ውሸት ነው!” ብሎ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደኋላ ወደቀ። “የእኔ ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! የተወለደችበት ቀን ነው! ጥበቃው መጥቶ ነገረኝ፤ ሠላሳ ሰው ይዤ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ጆሮው የት ሄደ አለች፤ ከአፌ ወጣ! ድንጋይ ጠራቢ የለም! ማንም የለም! የእኔ ነው!” በዚያ አደባባይ በለመደው ድምፅ ነበርና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ኃላፊዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ጋሼ” አለች፤ “አባት ማለት እርስዎ ነዎት። ልጅዎን ለማዳን ሃያ ሰባት ዓመት የደከሙበትን ጣሉት።” የመዝገብ ቤቱ ሰው ተነስቶ እጁን ጨበጠው። ባለ ጃንጥላው ምን ይበል? ለማዳን ብሎ እንዳልሆነ፣ ቅናት እንደ ትኩስ ውሃ ገንፍሎበት እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷም ወንበሩን እያነሳች ነበር።

ደንብ ደንብ ነውና ባጁን አስረከበ። ታሪኩ ግን “የአስጎብኚ ፈጠራ ነው” ተብሎ እንዲነገር ተፈቀደ፤ ቀረጻውም ለልጅቱ ጸደቀ። ለእሱ የጆሮ ማዳመጫ የሚታደልበትን መስኮት ሰጡት፣ ከቲኬት ቆራጯ አጠገብ።

ከስብሰባው ወጥተው አባትና ልጅ ፈረሱ ጋ እስኪደርሱ አልተነጋገሩም። ደረሱና በዚያ ድንጋይ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

“በግራ እጅህ ነው የጻፍከው?” አለችው።

“አዎ።”

“ያስታውቃል፤ የልጅ ጽሕፈት ነው የሚመስለው።” ቀጥላም “ለምን አባዬ?” አለች።

“ቀናሁብሽ” አለ። ቃሉ ከወጣ በኋላ መያዝ አልተቻለም። “ቀናሁብሽ የኔ ልጅ። አለቀሱልሽ። ለእኔ አጨበጨቡ እንጂ ማንም አላለቀሰልኝም። ያ ብናኝ... ያ ግንባር... እኔ እንዴት አላሰብኩትም ብዬ አንጀቴ አረረ። ከየት አመጣሽው?”

ልጅቱ መሬት መሬት እያየች ነው የመለሰችው። “አሥር ዓመቴ ላይ እማዬ ነገረችኝ። የተወለድኩ ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጃንጥላህን ይዘህ እንደመጣህ። ታሪኩን ያኔ ነው ያወቅኩት፤ የሮጠ ቀራጭ እንደሌለ። እኔ በዚህ ፈረስ ስቀና ነው ያደግኩት አባዬ። የትምህርት ቤት በዓል ሲኖር አንተ እዚህ ነህ፤ ስታመም እዚህ ነህ። አስጎብኚ የሆንኩትም ያለህበት ልምጣ ብዬ ነው። ታሪኩን ስናገር ቀራጩን አይደለም የማየው። አንተን ነው። መሰላሉን ትወርዳለህ፣ ትሮጣለህ፣ ትደርሳለህ። በቀን ሦስት ጊዜ አባቴ ይመጣልኛል። ለዚያ ይሆናል የሚያለቅሱት፤ እኔ እንጃ።”

ባለ ጃንጥላው ሃያ ሰባት ዓመት በአፉ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን እጇን ያዘ። ቀና ብሎ ፈረሱን ሲያይ ግን፣ ቅናት ክፉ ነው፣ እንደገና ወጋው። አሁን የቀናው በልጁ አልነበረም። በቀራጩ ነበር። በሌለው ሰው፤ ከገዛ አፉ በፈጠረው። ያ ሰውዬ ደርሷል፣ ግንባሯን ዳስሷል፣ ከተማው በሙሉ ያለቅስለታል። እሱ ግን እንግዳ እያሰናበተ መዝገብ ሲፈርም ነበር።

ወራት አለፉ። ባለ ጃንጥላው መስኮቱ ውስጥ ተቀምጦ የጆሮ ማዳመጫዎቹን በጨርቅ እየወለወለ ያድላል፣ ይቀበላል። የሚመልሱለት ሰዎች ዓይናቸው ቀልቶ “እንዴት ያለች ልጅ ናት!” ይሉታል። “ታሪኩ የእኔ ነው” ይላል ቶሎ ብሎ። ቲኬት ቆራጯ ከወዲያ ሆና “ጋሼ፣ ቅናቱ ዛሬም አልለቀቀዎትም!” ብላ ትስቃለች። እውነቷን ነው፤ አልለቀቀውም።

ልጅቱ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት ቀን ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። እናት ኬክ አዝዛለች፤ ሰው የሚመጣው ማታ ነው፣ አባትም ከሥራ ሲወጣ ይደርሳል ተብሏል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መስኮቱ ፊት ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ባለ ጃንጥላው የመጀመሪያውን ሰው ማዳመጫ ሊያቀብል እጁን ዘረጋና ቆመ። ከጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ሳያጠፋው መልሶት ኖሯል። ወደ ጆሮው አስጠጋው። የልጁ ድምፅ ነው፦ “...መሮውን እዚያው ጣለና በሩጫ ወደ ቤቱ...”

“ኧረ ሂድ!” አለው ባለ ጃንጥላው ቀራጩን። “ዛሬስ አትቀድመኝም!”

“ምን አሉ ጋሼ?” አለች ቲኬት ቆራጯ።

መስኮቱን ዘጋ። ሠላሳ ሰው ፊት ዘግቶ፣ ሳይፈርም፣ ጃንጥላውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ሰልፉ ተንጫጫ፤ ቲኬት ቆራጯ “ኧረ ምን ነካዎት!” እያለች ጮኸች። አደባባዩን በሩጫ ተሻገረ። ስልሳ ዓመት በሚሞላ ጉልበት ሩጫ ይባል እንጂ ፈጣን መራመድ ነበር፤ እሱ ግን ሮጠ ነው የሚለው። በፈረሱ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየውም። እርምጃውንም አልቆጠረ። የመታጠፊያው አስፋልት እየተሠራ ነውና እስከ እጁ ድረስ አቧራ ለበሰ።

በሩን የከፈተችው ልጁ ናት፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ።

“አባዬ! ምን ሆንክ? ሰዓቱ እኮ ሰባት ተኩል ነው! ሥራውስ?”

ትንፋሹ እየተቆራረጠ በአቧራ እጁ ግንባሯን ዳሰሳት። አሻራው ግንባሯ ላይ ቀረ። እሷም አልጠረገችውም።

ከውስጥ ሚስቱ ብቅ አለች። እሱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ልጇን አየች፣ የልጇን ግንባር አየች። ሃያ አምስት ዓመት ያስቀመጠችውን አወጣች።

“ዛሬ መንገዱ አልተዘጋጋም እንዴ?” አለችው።